የድንች ስንግ፦ ለጾም ማዕድ የሚስማማ ጤናማ ምግብ በቤት ውስጥ ሲዘጋጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በአዋጅ የምታጾማቸው ሰባቱ አጽዋማት ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ነነዌ 3 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል፤ ጾመ ሐዋርያት፣ ገሃድ፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብም አሉ። ይህን ያህል ጊዜ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል የሚከለከል ምእመን በጾም ወቅት የሚመገበው ምግብ የጥቂት ቀናት ጉዳይ አይደለም፤ የዕድሜው እኩሌታ ምግብ ነው። ስለዚህ የጾም ማዕድ እንዴት እንደሚሰናዳ ማወቅ ለነፍስም ለሥጋም የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ስሕተቶች በየቤቱ ይታያሉ። አንደኛው ቸልተኝነት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው በዳቦና በሻይ ብቻ ውሎ ያድራል፤ ከሳምንታት በኋላ ድካም፣ ራስ ማዞርና የሰውነት መዛል ሲመጣበት ምክንያቱን በጾሙ ላይ ያሳብባል። ሁለተኛው ቅንጦት ነው። የጾም ምግብ ከፍስክ ምግብ የሚለየው በስሙ ብቻ እስኪሆን ድረስ በዘይት ተጠብሶ፣ በዓይነት በዝቶ፣ በዋጋ ከብዶ ይቀርባል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለማሳየት ከሚረዱ ምግቦች አንዱ የድንች ስንግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ምግቡ በድሬዳዋ ከተማና በአካባቢዋ ካለው ኑሮ ጋር ተዛምዶ እንዴት እንደሚዘጋጅ እናቀርባለን።

ጥራጥሬ የበሉት ብላቴኖች

ድሬዳዋ ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ለሚሄዱ ምእመናን ዋና መተላለፊያ ናት። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከመላው ሀገሪቱና ከውጭ የሚመጡ ምእመናን በአውሮፕላንም በመኪናም ወደ ከተማዋ ገብተው፣ ከዚያ የደንገጎን ዳገት ወጥተው ወደ ደጋው ይዘልቃሉ። የታኅሣሡ በዓል በጾመ ነቢያት ውስጥ የሚውል በመሆኑ ተጓዡም ተቀባዩም የሚመገበው የጾም ምግብ ነው።

በዓሉ የሚታሰብበት ምክንያት ከያዝነው ርእስ ጋር የቀረበ ግንኙነት አለው። ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከሚነደው እሳት ያዳነበት ዕለት ነው። እነዚህ ብላቴኖች ወደ እሳቱ ከመጣላቸው አስቀድሞ በምግብ ተፈትነው ነበር። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 እንደተጻፈው፣ ከነቢዩ ዳንኤል ጋር በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሳሉ ከንጉሡ መብልና ከወይን ጠጁ ተካፍለው እንዳይረክሱ በልባቸው አሰቡ፤ ለዐሥር ቀንም ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ቀኑ ሲፈጸም የንጉሡን መብል ከበሉት ሁሉ ይልቅ ፊታቸው አምሮ፣ ሰውነታቸው ወፍሮ ተገኘ።

ይህን ታሪክ እንደ ምግብ ጥናት ብቻ ልናነበው አይገባም። የብላቴኖቹ ፊት ያማረው የታመኑበት አምላክ ስለ ረዳቸው ነው። ሆኖም ጥራጥሬ የድኻ ምግብ ነው ተብሎ ለሚናቅበት ዘመን ታሪኩ የሚያስተምረው አለ፤ በእምነት የሚጾም ሰው በጥቂትና በቀላል ምግብ ጠንክሮ መኖር ይችላል። በትንቢቱ ምዕራፍ 10 ደግሞ ነቢዩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጣፋጭ ምግብ፣ ከሥጋና ከጠጅ ተከልክሎ እንደቆየ ተጽፏል። እንግዲህ ጾም ከሥጋ መከልከል ብቻ ሳይሆን ከመጎምጀትም መከልከል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ድንች በሐረርጌና በድሬዳዋ

ድንች ለኢትዮጵያ ማዕድ እንግዳ ነበር። የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ ተራራማ ክፍል ሲሆን፣ ወደ ሀገራችን ያስገባው ዊልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ መሆኑ፣ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1858 እንደነበረ ይጠቀሳል። ጥንታውያን አባቶቻችን ድንችን አያውቁትም ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ የጾም ሥርዓት በምግብ ዓይነት ብዛት የሚለዋወጥ አይደለምና፣ ምእመናን ይህን እንግዳ ሥር ተቀብለው ከጎመኑና ከምስሩ ጎን አኖሩት።

የሐረርጌ ደጋማ ወረዳዎች፣ በተለይም ሐረማያና አካባቢዋ፣ በድንች ምርት የታወቁ ናቸው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ዓለማያ ተብሎ ይጠራ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በድንች ዝርያዎች ላይ ምርምር ሲያደርግ የቆየ ተቋም ነው። ከደጋው የሚመጣው ምርት ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ከፊሉም እስከ ጅቡቲና ሶማሊያ ይሻገራል። በቀፊራ ገበያ የሚሸጠው ድንች ከእርሻው ብዙ ሳይርቅ የመጣ ስለሆነ ትኩስና ለብዙው ነዋሪ አቅም የሚቀርብ ነው።

በከተማዋ ግን ድንች አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው በዘይት ተጠብሶ ነው። የተጠበሰ ድንች፣ ሳምቡሳና ባጅያ ለጾመኛው ቅርብ ምግቦች ናቸው። አልፎ አልፎ ቢበሉ ነውር የለባቸውም፤ ነገር ግን በየዕለቱ፣ ያውም ተደጋግሞ በተቃጠለ ዘይት የተጠበሰ ምግብ መመገብ ለልብና ለደም ሥር ሕመም ያጋልጣል። የድንች ስንግ ከዚህ የሚለየው ጥቂት ዘይት ብቻ የሚፈልግና ጥራጥሬንና ቅጠልን በአንድነት የሚይዝ በመሆኑ ነው።

የቃሪያ ስንግ ታናሽ ወንድም

ቃሪያን ሰንጥቆ በሽንኩርትና በቲማቲም መሰነግ በጾም ማዕዳችን የታወቀ ነው። በድንችም ላይ የሚደረገው ያው ነው፤ ድንቹ ተቀቅሎ ውስጡ ይፈለፈላል፤ በወጣው ፈንታ ገንቢ ሙሊት ይገባበታል።

ሙሊቱ ለጣዕም ብቻ የሚገባ አይደለም። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች ከ80 እስከ 90 ኪሎ ካሎሪ ኃይል፣ ጥሩ መጠን ያለው ፖታሲየምና ቫይታሚን ሲ ሲኖረው፣ የፕሮቲን መጠኑ ግን ወደ 2 ግራም ብቻ ነው። ያን ያህል የተቀቀለ ምስር ደግሞ ወደ 9 ግራም ፕሮቲን፣ 3 ሚሊ ግራም ያህል ብረትና ብዙ አሰር ይይዛል። ድንቹ የሚጎድለውን ምስሩ ይሞላል። በተጨማሪም በሎሚ፣ በቲማቲምና በድንቹ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት ከምስሩ ያገኘውን ብረት በሚገባ እንዲጠቀምበት ይረዳል። በአንጻሩ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና የብረትን መዋሐድ ስለሚቀንስ፣ ቡናው ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘግየት ብሎ ቢጠጣ ይመረጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ6 ሰው)

- 6 ትልልቅና ተመጣጣኝ ድንቾች (1 ኪሎ ተኩል ገደማ)
- 1 ብርጭቆ ድፍን ምስር (200 ግራም ገደማ)
- 2 ቀይ ሽንኩርት፣ በደቃቁ የተከተፈ
- 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል፣ የተወቀጠ
- 2 የበሰሉ ቲማቲሞች
- 1 ካሮት፣ በደቃቁ የተከተፈ
- 1 እስር ቆስጣ ወይም ጎመን፣ ታጥቦ የተከተፈ
- 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬና የተፈጨ ድንብላል
- 1 ሎሚ፣ 1 ወይም 2 ቃሪያ፣ ጨው በመጠኑ
- ከላይ ለመነስነስ 1 የሾርባ ማንኪያ የታመሰ ሰሊጥ

ድንች ሲመረጥ ልጣጩ ያልተጨማደደ፣ ያላጎነቆለና አረንጓዴ ያልሆነ መሆን አለበት። ፀሐይ ወይም ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ይይዛል፤ መርዙም በመቀቀል አይጠፋም። ስለዚህ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ድንችን በፌስታል ቋጥሮ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ አየር በሚገባበት ከረጢት ወይም ቅርጫት አድርጎ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ይገባል።

አዘገጃጀት

በመጀመሪያ ምስሩ ተለቅሞና ታጥቦ በሦስት እጥፍ ውኃ ይቀቀላል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይለሰልሳል፤ ሳይፈርስ ወርዶ በወንፊት ይጠለላል። ጨው በመጨረሻ ይጨመርበታል።

ምስሩ ሲበስል ድንቹ በሚገባ ታሽቶ ይታጠብና ከነልጣጩ ጨው ባለበት ውኃ ይቀቀላል። ልጣጩ ድንቹ እንዳይፈርስ ይይዘዋል፤ አሰርም አለው። እንደ ድንቹ ትልቅነት 20 ደቂቃ ወይም ጥቂት ጨምሮ ይፈጃል። ሹካ ሲገባበት መሐሉ በጥቂቱ ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ ፈጽሞ ከበሰለ ሲፈለፈል ይሰነጠቃል። ከውኃው ወጥቶ በእጅ ለመያዝ እስኪቻል ይቀዘቅዛል።

ከዚያ እያንዳንዱ ድንች ከላይ በኩል በቁመቱ በስሱ ይቆረጣል። በሻይ ማንኪያ ውስጡ ሲፈለፈል ከልጣጩ ጋር የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ግድግዳ ይቀርለታል። ግድግዳው ከሳሳ ይቀደዳል፤ ከወፈረ ደግሞ ለሙሊቱ ቦታ አይኖረውም። የተፈለፈለው አይጣልም፤ በሹካ ተፈጭቶ ይቀመጣል።

ለሙሊቱ ሽንኩርቱ በመጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጥቂት ውኃ ጠብ እያለበት ይቁላላል። እናቶቻችን ለወጥ የሚያደርጉት ይህ ዘዴ የሚያስፈልገውን ዘይት ይቀንሳል። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ከዘይቱ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና እርዱ ይገባል። ቀጥሎ ካሮቱና ቲማቲሙ ተጨምረው ለ5 ደቂቃ ያህል ይበስላሉ። ቆስጣው ገብቶ ውኃው እስኪመጥ ይማሰላል። በመጨረሻ ምስሩ፣ የተፈጨው ድንች፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ድንብላሉና የተከተፈው ቃሪያ ተጨምረው በአንድነት ይማሰላሉ። ጨው ተቀምሶ ይስተካከላል፤ ድስቱ ከወረደ በኋላ ሎሚው ይጨመቅበታል። ሙሊቱ ጠጠር ያለ ሊሆን ይገባል፤ ከቀጠነ ድንቹን አርጥቦ ያፈርሰዋል።

ሙሊቱ በእያንዳንዱ ድንች ውስጥ በማንኪያ ተጠቅጥቆ ከፍ ብሎ ይሞላል። የቀረው 1 ማንኪያ ዘይት በድንቾቹ ላይ ተቀብቶ ሰሊጡ ይነሰነሳል። በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቆያል፤ ላዩ ቡናማ ሲሆን ይወጣል። የተረፈ ሙሊት ካለ በእንጀራ ወይም በዳቦ ይበላል።

ኦቨን በሌለበት ቤት

ኦቨን የሌለው ቤት ይህን ምግብ መሥራት አይችልም ማለት አይደለም። ድፎ ዳቦ ከታችና ከላይ እሳት ተደርጎለት እንደሚጋገር ሁሉ፣ ድንቹም በወፍራም ብረት ድስት ተደርድሮ በከሰል ምድጃ ላይ ይጣዳል። ከታች የረመጠ ከሰል ብቻ ይሁን፤ በብረት ክዳኑ ላይ ደግሞ ጥቂት ፍም ይደረግበታል። ድስቱ እንዳይዝ ከሥሩ የጎመን ቅጠል ቢነጠፍ መልካም ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ጢስ አልባ ጋዝ ሰው ይገድላልና፣ ይህ ሥራ በደጅ ወይም በር መስኮቱ በተከፈተ ማድቤት ብቻ መደረግ አለበት።

ሙሊቱን መለዋወጥ

በረጅሙ ዐቢይ ጾም አንድ ምግብ ደጋግሞ መብላት ያሰለቻል፤ ሰውነትም ልዩ ልዩ ንጥረ ነገር ይፈልጋል። በምስሩ ፈንታ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ የተቀቀለ ሽምብራ በከፊል ተፈጭቶ፣ ወይም የተቀቀለ ባቄላ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ታሽቶ ሊገባ ይችላል። ጠንከር ተደርጎ የተሠራ ሽሮም ከቆስጣ ጋር ጥሩ ሙሊት ይሆናል። እንጉዳይ በሚገኝበት ጊዜ በሽንኩርት ተቁላልቶ ከምስሩ ጋር ይቀላቀላል። በርበሬ የሚወድድ ቤተሰብ በእርዱ ፈንታ በርበሬ ሊጠቀም ይችላል።

ሳይታወቅ ጾም የሚያስገድፉ ነገሮች

በከተማ የሚኖር ጾመኛ የታሸጉ ምግቦችን ሲገዛ ጽሑፋቸውን ማንበብ ይገባዋል። ከአትክልት ዘይት ተሠሩ የሚባሉ አንዳንድ የዳቦ ቅቤዎች የወተት ዱቄት ወይም ዌይና ኬዚን የተባሉ ከወተት የሚወጡ ነገሮች አሉባቸው። አንዳንድ የሾርባ ኪዩቦች የዶሮ ወይም የበሬ ስብ ይይዛሉ። በእንቁላል ወይም በወተት የሚቦካ ዳቦም አለ። የድንች ስንግ በቤት ውስጥ ሲሠራ አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ምን እንደገባበት የሚሠራው ሰው ያውቃል።

የድሬዳዋ ሙቀትና የቁልቢ መንገድ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። በሙቀት የበሰለ ድንችና ጥራጥሬ ፈጥኖ ይበላሻል። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ሙሊቱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ሊያስቀምጥ ይችላል። ሲበላ እንፋሎቱ እስኪወጣ ድረስ መሞቅ አለበት።

ይህ ማስጠንቀቂያ ለቁልቢ ተጓዦች ይበልጥ ያስፈልጋል። ስንቅ ብሎ በአልሙኒየም ወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ድንች ለብዙ ሰዓት በቦርሳ ማኖር አደገኛ ነው። አየር በማያገኘው ጥቅል ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ ሕመም የሚያመጣው ተሐዋሲ ሊራባ ይችላል። ለረጅም መንገድ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ፍራፍሬ የተሻሉ ስንቆች ናቸው። የድንቹ ስንግ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ደርሶ ሲያርፍ ትኩሱን የሚቀርብለት ምግብ ይሁን። እንግዳ የሚቀበሉ የድሬዳዋ ቤተሰቦች ሙሊቱን ቀደም ብለው አዘጋጅተው በማቀዝቀዣ ካቆዩት፣ በተጓዡ መምጫ ሰዓት ድንቹን ሞልቶ መጋገር ብቻ ይቀራቸዋል።

በቆላ የሚጾም ሰው ውኃ መጠጣትንም ሊዘነጋ አይገባም። ጾሙ ከተፈታ በኋላ አስቀድሞ ለብ ያለ ውኃ ወይም ቀጭን ሾርባ ወስዶ፣ ጥቂት ቆይቶ ወደ ምግቡ መሄድ ባዶ ሆኖ ለዋለ ሆድ ይስማማዋል።

ሕመም ላለባቸው ምእመናን

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ድንች የደም ስኳርን ፈጥኖ ከፍ እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት። ለእርሱ ድንቹ ትንሽ፣ የምስሩና የቅጠሉ ሙሊት ደግሞ ብዙ ቢሆን ይሻላል፤ በአንድ ማዕድ ላይ ከእንጀራና ከዳቦ ጋር መደራረብም አይገባውም። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በድንች ያለው ፖታሲየም ሊጎዳቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ቫይታሚን ቢ 12 በዕፀዋት ምግብ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና አረጋውያን ለረጅም ጊዜ ሲጾሙ ይህን ከሐኪም ጋር መነጋገር ይኖርባቸዋል።

ቤተ ክርስቲያን ጾምን የሠራችው ሰውን ለማዳን እንጂ ለመጉዳት አይደለም። ስለዚህ የታመመ ሰው ከሐኪሙ የሰማውን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ሊቀርብና እንደ አቅሙ የሚጾምበትን ምክር ሊቀበል ይገባዋል። በራስ ፈቃድ ጾምን መተው እንደማይገባ ሁሉ፣ ያለ ምክር ራስን መጉዳትም አይገባም።

የድኾች ድርሻ

በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ምን እንደሆነ ተነግሯል። እንጀራን ለተራበ መቁረስና ድኻውን ወደ ቤት ማስገባት የዚያ ጾም ክፍል ነው። አባቶች ጾምን ከጸሎትና ከምጽዋት ሳይለዩ ያስተማሩት ስለዚህ ነው። ከሥጋና ከቅቤ የተረፈው ገንዘብ በሌላ ቅንጦት ካለቀ፣ ጾመኛው የለወጠው የምግቡን ዓይነት ብቻ ነው።

የድንች ስንግ በዚህም ረገድ ይረዳናል። ዋጋው የማይከብድ፣ በቁጥር የሚሠራ፣ ለማካፈል የሚመች ምግብ ነው። ለስድስት ሰው የሚያዘጋጅ ቤት ሁለት ድንች ቢጨምር ሸክሙ ብዙ አይበዛም፤ ሁለቱ ድንቾች ግን በደጀ ሰላም ለተቀመጠ ነዳይ ወይም ለታመመ ጎረቤት የዕለት ራት ይሆናሉ። ድሬዳዋ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ደጅ ለደጅ የሚኖሩባት ከተማ በመሆኗ፣ ሥጋም ቅቤም የሌለበት የጾም ሳሕን ጎረቤቱ ሁሉ ሳይጠራጠር የሚቀበለው ነው።

ሠለስቱ ደቂቅ በንጉሥ ቤት ጥራጥሬ መርጠው በእምነት የጸኑት፣ ኋላ በእሳቱ ፊት የሚቆም ልብ ነበራቸው። በታናሹ ነገር መታመን ለታላቁ ፈተና ያዘጋጃልና፣ የጾም ማዕዳችንን በመጠን፣ በንጽሕናና በማካፈል እናሰናዳ። የቅዱስ ገብርኤል ተራዳኢነት፣ የሠለስቱ ደቂቅ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።